ምንም የለበትም

«እማዬ፣ ‹ምንም የለበትም› ሲባል ባዶ ነው ማለት ነው ወይስ ደኅና ነው ማለት ነው?»

ልጄ ትርሲት ይህን የጠየቀችኝ በሰባት ዓመቷ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጸጉሯን እየሠራሁላት ሳለ ነው። እኔም እጄን ሳላቆም «እንደ ነገሩ ነው» አልኳት። «ወተቱ ምንም የለበትም ካልኩሽ ደኅና ነው፣ ጠጪው ማለቴ ነው። እንስራው ምንም የለበትም ካልኩሽ ደግሞ ባዶ ነው፣ ውሃ እንቅዳ ማለቴ ነው።»

«ባሕሩን ምንም የለበትም ያልሽ ጊዜስ?»

እጄ ቆመ። ጸጉሯ በጣቶቼ መካከል እንደተያዘ ቀረ።

ለምን እንደጠየቀችኝ እንዲገባችሁ ስለ አገራችን ትንሽ ልንገራችሁ። ስሟን መጥራት የተፈቀደው ለነጋሪት መቺው ብቻ ስለሆነ እሱን እለፉኝ። በትልቅ ባሕር ዳር የተቀመጠች፣ ከዓሣ በቀር ሌላ ሲሳይ የሌላት አገር ናት። ነገሥታታችን ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ልስላሴን ነው። የቤት ወለል ይለስልስ፣ መንገድ ይለስልስ፣ ንግግርም ይለስልስ ይላሉ። እኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» አይባባልም። «ለስልሶ አደረ?» ይባላል፤ መልሱም «ለስልሶ» ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ «ለስልሶ» ይልና ከዚያ በኋላ ነው «ኧረ ውሃ ድረሱልኝ» የሚለው።

በእናቴ ዘመን ይህ ልስላሴ ወደ ባሕሩ ወለል ወረደ። ድሮ ዓሣ የሚያዘው በመንጠቆና ከላይ በሚንሳፈፍ መረብ ነበር። ኋላ ግን መጥረጊያ የሚባል መረብ መጣ። አፉ እንደ ዋሻ የሰፋ ነው፤ ግራና ቀኙን ወጥረው የሚይዙት ሁለት ከባድ ሳንቃዎች አሉት፤ የታችኛው ከንፈሩ ደግሞ በወፍራም ሰንሰለት ተከቧል። ትልቅ ጀልባ ከኋላው እየጎተተ የባሕሩን ወለል ከዳር እስከ ዳር ይጠርግበታል። ሰንሰለቱ ድንጋዩን ይገለብጣል፣ ሣሩን ይነቅላል፣ ጭቃውን ያርሳል። ዓሣው ደንግጦ ሲነሣ መረቡ ይቀበለዋል። ባሌ ላቀው ከጠራጊዎቹ አንዱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሰንሰለት ሲጎትት ኖሮ መዳፉ ስለተሰነጣጠቀ ትርሲትን የሚዳብሳት በእጁ ጀርባ ነው።

እኛ ሴቶቹ መራጮች እንባላለን። መረቡ ዳር ላይ ሲዘረገፍ ዙሪያውን ተቀምጠን እንለያለን። ለመራጭ የተፈቀዱላት ቃላት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ዓሣ፣ ትንሽ ዓሣ፣ ጉድፍ። ከዓሣ ጋር የሚወጣው ሌላው ሁሉ ጉድፍ ነው። ዛጎሉም፣ ሥሩ እንደ ጣት የተቆላለፈው ሣርም፣ ሲነኩት የሚጨማተረው ለስላሳ ነገርም፣ እግሩን ቆጥረን ያልጨረስነው ፍጡርም ጉድፍ ነው። ለጉድፍ ስም ማውጣት ክልክል ነው። ስም ያለው ነገር መዝገብ ይገባል፤ መዝገብ የገባ ነገር ሲጠፋ ደግሞ አንድ ሹም መጠየቁ አይቀርም።

ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። በሹክሹክታ ስም እንሰጣቸው ነበር። ሲነኳት እጥፍ ብላ የምትሰግደውን ትል «እሺ እመቤቴ» እንላታለን። ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ በሩን የሚዘጋውን ቀንድ አውጣ «ዛሬ የለሁም» እንለዋለን። ይህን ስም ያወጣችው ከጎኔ የምትቀመጠው እንጉዳይ ናት። ምላሷ እሳት ነው። ዓሣው ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲመጣ «አነሰ» ማለት ሻካራ ቃል ነው ተብሎ ተከለከለና «ለድስት የተመቸ» መባል ጀመረ፤ መዳፍ የማይሞላውም በአዋጅ «ትልቅ ዓሣ» ሆነ። ያን ሰሞን እንጉዳይ አንዷን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ኧረ ይኼን ትልቅ ዓሣ የሚያግዘኝ ሰው፣ ወገቤ ተቆረጠ!» ብላ ጮኸች። እሷም፣ የሳቅነውም ሁላችንም አንድ ሳምንት ከሥራ ታገድን።

በወለሉ ላይ የተሾሙት ባለሥልጣን ሊቀ ወለል ደምሰው ይባላሉ። ባሕር አይስማማቸውም፤ ጀልባ ላይ ሲወጡ ያዞራቸዋል። ስለዚህ የባሕሩ ወለል በየዓመቱ የሚመረመረው በገንዳ ነው። አንድ የመዳብ ገንዳ በባሕር ውሃ ተሞልቶ አደባባይ ይቀመጣል። ጭቃው እስኪዘቅጥ ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ሊቀ ወለል ነጭ ጓንት አጥልቀው እጃቸውን ያስገቡና የገንዳውን ቂጥ ይዳብሳሉ። «ለስላሳ ነው!» ሲሉ ነጋሪት ይመታል። ገንዳው የመዳብ ነውና እስከ ዛሬ ሻክሮ አያውቅም። ታዲያ ዓሣው ለምን ጠፋ ሲባል፣ ወለሉ በደንብ ስላልተጠረገ ነው ይሉና በሰንሰለቱ ላይ ሌላ ቀለበት ያስጨምራሉ።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። አዲስ ውሃ ለመጥረጊያ ከመከፈቱ በፊት አንዲት የወለደች ሴት አደባባይ ተጠርታ «ምንም የለበትም» ማለት አለባት። የጥንት ሕግ ነው። ድሮ ሴትዮዋ በታንኳ ተወስዳ፣ ውሃውን ቁልቁል ስታይ ውላ፣ የሚጎዳ ነፍስ አለመኖሩን አረጋግጣ ነበር አሉ የምትናገረው። ሕጉም «አይታ ትናገር» ይላል። ኋላ ማየቱ ቀን ይፈጃል ተባለና «አይታ» የምትለዋ ቃል ቀርታ «ትናገር» ብቻዋን ተረፈች። ከዚያ ወዲህ እናቶቹ «ምንም የለበትም» ሲሉ «ግድ የለም፣ ደኅና ነው» ማለታቸው ነበር። ጸሐፊው ደግሞ «ባዶ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም የዋሹ አይመስላቸውም። እንዲህ እየተባባልን ስንቱን ውሃ ጨረስነው።

እኔም ከአራት ዓመት በፊት ተጠርቼ፣ ሰፊ ሜዳ የሚባለውን ውሃ ምንም የለበትም ብያለሁ። አላየሁትም ነበር። የቀለም ትምህርቴ ፊደል ለይቶ ዳዊት ከመድገም አያልፍም፤ ሹም ተናገሪ ሲለኝ የተናገርኩት ነገር ኋላ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። ለቃሌ ጥላ ሥር ያለ የመራጭ መቀመጫ ተሰጠኝ። ዛሬ ሰፊ ሜዳ ላይ መረብ ቢጣል የሚወጣው ጭቃ ብቻ ነው። አሁን በእውነት ምንም የለበትም።

ትርሲት በጠየቀችኝ ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት፣ መልእክተኛ ደጃችን መጥቶ ነበር። መጥረጊያ ያልነካው አንድ ውሃ ብቻ ቀርቷል፤ እቅፍ ይባላል። እንደ ሁለት ክንድ የተዘረጉ ኮረብቶች የከበቡት ጸጥ ያለ ጥግ ነው። ሰኞ ይከፈታልና ተራው የእኔ ነው ተባልኩ።

ላቀው ምሳውን በልቶ እጁን እየታጠበ፣ «ማለት ብቻ እኮ ነው» አለኝ። «ሁለት ቃል። ብለሽው ትመለሻለሽ።»

«ባለፈው ብዬው የተመለስኩትን አይተኸዋል።»

«ካላልሽ መቀመጫሽን ይወስዱታል። በእኔ ድርሻ ብቻ ሦስት ሰው አይኖርም። ልጅቷን ምን እናበላታለን?»

«እኔም የማስበው እሱኑ ነው።»

«እኔስ ሌላ ምን አሰብኩ?» አለና የእጁን ውሃ አራገፈ።

ሁለታችንም ያሰብነው ስለ ልጃችን እራት ነበር፤ እሱ የዛሬውን፣ እኔ የዛሬ አሥር ዓመቱን። ስለዚህ መጣላት አልቻልንም።

ቅዳሜ ጸጉሯን ጨርሼ ስነሣ ትርሲት አልለቀቀችኝም። «እቅፍን አይተሽዋል?»

«ከሩቅ።»

«ውስጡን?»

«ውስጡንማ ምን አሳይቶኝ።»

«እኔ አሳይሻለሁ» አለች፣ እንግዳ ወደ ቤቷ እንደምትጋብዝ ባለቤት ኮራ ብላ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በታንኳ ወጣን። እሑድ መጥረጊያ ስለማይወጣ ውሃው ይጠራል። የሰፈሩ ልጆች እዚያ የሚጫወቱበት አንድ ጣሳ አለ፤ ቂጡ ወጥቶ በምትኩ የመስኮት መስታወት ስባሪ በሰም ተለጥፎበታል። ትርሲት ጣሳውን ውሃው ላይ አስቀምጣ «ፊትሽን አስገቢ» አለችኝ። ነጠላዬን ወደ ኋላ ጥዬ አጎነበስኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ሣር ነው። እንደ ስንዴ ማሳ ወደ አንድ ወገን እየተኛ ይነሣል። ቀጥሎ ጉድጓዶች አየሁ፤ ሳህን የሚያህሉ፣ ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ በሴት እጅ የተለቀለቁ የሚመስሉ ክብ ጉድጓዶች። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ፣ አባወራው፣ በአፉ አሸዋ እየዘገነ ከጉድጓዱ ያወጣል፤ ሄዶ ይተፋል፤ ተመልሶ ይዘግናል። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እንጃ፣ እኔ ግን ሰንሰለት የሚጎትተው የላቀው ጀርባ ነው በዓይኔ የመጣብኝ። በየድንጋዩ ሥር ደግሞ የማውቃቸው ሁሉ ነበሩ። «ዛሬ የለሁም» በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይሄዳል። «እሺ እመቤቴ» ከጭቃው ግማሽ አካሏን አውጥታ የሚያልፈውን ታያለች። ያ ዳር ላይ ወጥቶ እንደ ጨርቅ ተጨማትሮ የማውቀው ለስላሳ ነገር እዚያ እንደ አበባ ተከፍቶ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በእጄ ስወረውረው ኖሬ መልኩን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እናትየዋን አየሻት?» አለች ትርሲት።

አንዲት ቆሮሶ በሣሩ ዳር ቆማ ነበር። በዙሪያዋ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ልጆቿ ይርመሰመሳሉ። ታንኳችን ትንሽ ሲንሸራተት ጥላችን ወረደባቸው። ይኼን ጊዜ እናትየዋ አፏን ከፈተች፤ ልጆቹ ሁሉ ተንጋግተው ገቡ፤ አፏን ገጠመች።

ትርሲት በጣሳው ጠርዝ አሾልካ እያየች «ዋጠቻቸው!» ብላ ሳቀች። እኔን ልታስደነግጠኝ ነው እንጂ እሷ ታውቃለች።

«ደበቀቻቸው እንጂ!»

«አዎ። ጥላው ሲያልፍ ትለቃቸዋለች።»

«እስከዚያ በምን ትበላለች?»

«አትበላም» አለች ልጄ፣ ይህን አለማወቄ አስገርሟት። «አፏ ውስጥ እያሉ እንዴት ትበላለች?»

ፊቴን ከጣሳው አላነሣሁም። ዕንባዬ መስታወቱ ላይ እየተንጠባጠበ ምንም ማየት ሲያቅተኝ እንኳ እንዳጎነበስኩ ቆየሁ። «ይቅር በለኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሰኞ አደባባዩ ሞላ። ሊቀ ወለል ደምሰው በጃንጥላ ታጅበው መጡ። «ለስልሶ አደረ?» አሉ። «ለስልሶ!» አለ ሕዝቡ። ገንዳው ተዳበሰ፤ ነጋሪት ተመታ። ጸሐፊው ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ቀለም ነከረ። ላቀው ከጠራጊዎቹ መካከል ቆሟል፤ አያየኝም።

«እመት፣ ስለ እቅፍ ተናገሪ» አሉኝ ሊቀ ወለል።

«አለበት» አልኩ።

ጸሐፊው ቀና አለ። «ምን?»

«አለበት ነው ያልኩት።»

ሊቀ ወለል ፊታቸውን አጨማደው፣ «ምን አለበት?» አሉ።

ከኋላ የቆመው ሕዝብ «ምን አለበት» ሲባል «ግድ የለም» የተባለ መስሎት አጨበጨበ። ጸሐፊውም «ምን አለበት» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አነሣ።

«ቆይ አንተ! እየጠየቅኋት እኮ ነው!»

«እንደ ጥያቄ ነው እንደ መልስ የምጽፈው ጌታዬ?»

«እንደ ጥያቄ ነዋ!»

«ቅጹ ለጥያቄ ቦታ የለውም ጌታዬ።»

ሊቀ ወለል በእጃቸው ዝም አሰኙትና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ድምፄ እንዳይሰበር ቀስ ብዬ ተናገርኩ። «ጌታዬ፣ እናቶች አሉበት። ልጆቻቸውን በአፋቸው ይዘዋልና እነሱ መናገር አይችሉም። ስለ እነሱ ነው የምናገረው። አባቶችም አሉበት፣ ቤት ሲሠሩ ይውላሉ። ‹ዛሬ የለሁም›ም አለ፤ ‹እሺ እመቤቴ›ም አለች።»

ከመራጮቹ በኩል አንድ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ጠፋ። አደባባይ ላይ የጉድፍ ስም የጠራ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?»

«አይቼ ነው።»

«አይተሽ!» አሉ፣ የሰረቅኩ ይመስል። «ማን እዪ አለሽ?»

«ሕጉ። ‹አይታ ትናገር› ይላል።»

«ያ ቃል ቀርቷል።»

«ማን ሰረዘው ጌታዬ?»

ሊቀ ወለል ወደ ጸሐፊው አዩ። ጸሐፊው አሮጌውን የሕግ መጽሐፍ ገለጠ፤ ጣቱን እያራሰ ሌላም ገለጠ። ከዚያ በፍርሃት፣ «አልተሰረዘም ጌታዬ» አለ። «ለማሳጠር ብለን ነው የተውነው።»

ሊቀ ወለል ጠጋ አሉኝና፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ… በአፏ ስንት ትይዛለች?» አሉኝ።

«ብዙ ነው ጌታዬ። መቁጠር አልቻልኩም።»

ገንዳውን ለአፍታ ተመለከቱት። ከጓንታቸው ገና ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ኋላ ማንነታቸውን እንዳስታወሱ ሁሉ ቀና ብለው ጮኹ። «አንዲት እናት እንቢ ብትል በማግስቱ ሌላዋ ትጠየቃለች! ነገ ተረኛዋ እንጉዳይ ናት!» እንጉዳይ የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ሦስት ወሯ ነው።

የእኔም መቀመጫ በሥርዓቱ ተወሰደ። ሁለት ወታደሮች በርጩማዬን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ አንድ ነጋሪት መቺ ከፊት ቀድሞ፣ እንደ ታቦት በዝግታ ተሸክመውት ሄዱ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ።

ከላቀው ጋር ወደ ቤት ስንሄድ እንጉዳይ መንገድ ላይ ደረሰችብን። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ሠራሽኝ! አንቺ እንዲህ ተናግረሽ ስታበቂ እኔ ነገ ምን ልበል?»

«ያየሽውን በያ።»

«ምኑን አየሁና! እኔ እንዳንቺ ደፋር አይደለሁም። አራት ልጅ አለኝ፣ አንዱ ገና ጡት ላይ ነው። ብዬው እገላገላለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምሽም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። እኔም ብዬው ተገላግዬ አውቃለሁና።

እሷ ከሄደች በኋላ ላቀው ከፊቴ ቀድሞ ሄደ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። የቤታችን አጥር ጋ ስንደርስ ቆመ።

«መረቡን ስናወጣ» አለ፣ «ከአንዳንዶቹ ቆሮሶዎች አፍ የሚፈስ ነገር አይ ነበር። ደቃቅ ነገር። ጀልባው ወለል ላይ ይፈሳል፣ ከዚያ በውሃ እናጥበዋለን።»

የአጥሩን በር ሳልከፍት ጠበቅሁት።

«አሸዋ ነው እል ነበር» አለ። «ስንት ዓመት አሸዋ ነው አልኩ።»

የተሰነጣጠቀውን መዳፉን ያዝኩት።

በማግስቱ ሳይነጋጋ ተነሥቼ ጸሎቴን አደረስኩና ወደ እንጉዳይ ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ልትለምኚኝ ከሆነ ተመለሺ» አለችኝ።

«አልለምንሽም። ልጁን ስጪኝና ሂጂ፣ እዪ። ላቀው ታንኳዋንና የልጆቹን ጣሳ ይዞ ዳር ላይ እየጠበቀሽ ነው። ከነጋሪቱ በፊት ይመልስሻል።»

«ላቀው? ዛሬ መጥረጊያው ላይ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ አልሄደም።»

ወደ ባሕሩ አየች፤ ወደ ልጇ አየች። «እንግዳ አይወድም። ይጮህብሻል።»

«ይጩህ። እኔ አለሁ።»

«አይቼም ምንም የለበትም ብልስ?»

«ያኔ አይተሽ ነው የተናገርሽው። ሂጂ በይ፣ ነፋስ ሳይነሣ።»

ልጁን በሁለት እጇ አቀበለችኝ፤ ነጠላዋንም ጨመረችልኝ፣ ሽታዋን እንዲያውቅ። እውነትም ጮኸ። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጀርባውን መታ መታ እያደረግሁ ተከትያት ወደ ዳር ወረድኩ። ላቀው ክንዷን ይዞ ታንኳዋ ላይ አስቀመጣትና ቀዘፈ። ታንኳዋ እየራቀች፣ እየራቀች ሄዳ እቅፍ ውስጥ ስትቆምና እንጉዳይ ወደ ውሃው ስታጎነብስ አየሁ። ከጀርባዬ የአደባባዩ ሰዎች ገንዳውን እያንከባለሉ ሲያወጡ ይሰማኛል። እኔም የሰው ልጅ ታቅፌ፣ ዝም እስኪል ድረስ፣ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ።